ከጀርባ የሚሠራው

መምህር ሥራዬ ውብሸት ሞተው የተገኙት ከፎቅ ክፍላቸው ወደ ጓሮ በሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ነው። ሐምሌ 2005 ነበር። አመሻሹ ላይ የጀመረው ዝናብ እስኪነጋ ሳያባራ አድሮ ጓሮው ጭቃ ብቻ ሆኗል። እህታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ቁርስ ይዘው ወደ ፎቅ ሲወጡ አልጋው አልተተኛበትም፤ የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። በሩን ገፋ አድርገው ወደ ታች አዩ። ጎረቤቱን ሁሉ የሰበሰበው ያን ጊዜ ያሰሙት ጩኸት ነው።

ኢንስፔክተር ሳፊያ ስትደርስ ከሸዋ በር ገባ ብሎ ያለው ጠባብ መንገድ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሳፊያ እዚያው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ቀድሞ የደረሰው ወጣት ፖሊስ ከድር ሬሳው አጠገብ ቆሞ ጠበቃት።

«አዳልጧቸው ነው፤» አላት። «ደረጃው ሙልጭልጭ ያለ ነው። እኔም ልወድቅ ለትንሽ ነው የተረፍኩት።»

ሳፊያ ቁጢጥ ብላ አየች። የመምህሩ ጭንቅላት ጭቃው ላይ፣ እግሮቻቸው ደግሞ ደረጃው ላይ ነበሩ። ፊታቸው ሰማይ ሰማይ ያያል።

«አንተ ልትወድቅ ስትል እግርህ ወዴት ሄደ?»

«ወደ ፊት።»

«አዎ። ሲወርድ ያዳለጠው ሰው እግሩ ቀድሞት ይሄዳል፤ ጭንቅላቱ ከላይ ይቀራል። እሳቸው ግን ተገልብጠዋል። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆመው ነበር፤ የወደቁት ወደ ኋላቸው ነው።»

ከድር ወደ በሩ ቀና ብሎ አየ። «ማንን እያዩ?»

ሳፊያ ሬሳውን መመርመር ቀጠለች። የኮታቸው የግራ እጅጌ ከትከሻው ስፌት ላይ ተተርትሯል። ቀኝ እጃቸው ጭቃውን ቧጥጦ ቧጥጦ ጣቶቻቸው መሬት ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። እጁን ስታይ ቆየችና ፊቷ ጠቆረ።

«ወዲያው አልሞቱም፤» አለች።

የፎቁ ክፍል ሁለት በር አለው፤ አንደኛው በቤቱ ውስጥ ወደ ሳሎን ይወርዳል፣ ሁለተኛው ጓሮ ያወጣል። ግድግዳው በባዮሎጂ መጻሕፍት የተሞላ ነው። መምህር ሥራዬ እስከ ጡረታቸው ያስተማሩት ይህንኑ ነበር። መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩ እንደ በራ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስኮት ተከፍቶ በውስጡ የስም መዓት ተደርድሯል፤ ከአንዳንዱ ስም አጠገብ «ቆሟል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ይታያል። ሳፊያ ምንም ሳትነካ ወደ ሳሎን ወረደች።

ወይዘሮ እልፍነሽ ከሴቶች መሃል ተቀምጠው ነበር። ሳፊያ አጠገባቸው በርከክ አለች።

«አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ እልፍነሽ።»

«አሜን፣ ልጄ።»

«ትናንት ቤት ማን ማን መጣ?»

«ማን ይመጣል ብለሽ! ሄኖክ ነበረ፤ ቀድሞ የሞተው ወንድማችን ልጅ። እዚሁ ነው የሚኖረው፣ ከጓሮው ደረጃ አጠገብ ባለችው ክፍል። ቀትር ላይ ከአጎቱ ጋር ተጣልቶ ወጣ። በዚያው አልተመለሰም።»

«በምን ተጣሉ?»

«በዚያ ኮምፒውተር ነዋ! ሰሞኑን ሰላም ነስቶት ነበር። ማንም ሳይነካው ያጓራል፤ አንድ ፊደል ሲጽፍ እስኪወጣ ይጠብቃል። ‹እልፌ፣ የማላውቀው ነገር ከጀርባዬ እየሠራ ነው› ይለኝ ነበር። እኔ ምኑን አውቃለሁ። ትናንት ልጁን ‹አንተ ነህ ያስገባህብኝ› አለው። ልጁ አለቀሰ፣ ልጄ። እያለቀሰ ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አምሳ አለቃ ታደሰ መጡ። ጓደኛው ናቸው፤ ጓደኛስ ምን ይላል፣ ወንድሙ ናቸው። ሰማዩ ሲጠቁር ገቡ፣ ዝናቡ መሃል ወጡ። ራት ልውሰድለት ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ‹ተይው፣ መዝሙር ከፍቶ እያዳመጠ ነው፤ ሲርበው ይወርዳል› አሉኝ። እኔም ተውኩት። ወገቤን ያመኝ ስለነበር ቶሎ ተኛሁ።»

«መዝሙሩን እርስዎ ሰምተውታል?»

«ምን ይሰማል! ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴንም ድምፅ አልሰማ።»

«ስልካቸውስ?»

«እዚህ ነው፣ ታች። ከሰዓት በኋላ አውርዶ ቻርጅ ላይ አደረገው፤ የእሱ ክፍል ሶኬት ለኮምፒውተሩ ብቻ ነው።»

ሄኖክ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ሸዋ በር ኮምፒውተር ከሚጠግንበት ሱቅ ነበር ያደረው። መርዶውን መንገድ ላይ ሰምቶ ሲሮጥ ስለመጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሬሳው ወደ ሆስፒታል እስኪወሰድ ድረስ ጥግ ይዞ ቆመ፤ ማንም አላጽናናውም። የጠቡ ወሬ ከእሱ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር።

ሳፊያ ወደ ፎቅ ይዛው ወጣች። «ተቀመጥ። ይኼ ምንድን ነው?»

ስክሪኑን ሲያይ እንባው እንደ አዲስ መጣ። «ያስተማርኳቸውን እየሠሩ ነበር፤» አለ።

«ምን አስተማርካቸው?»

«ኮምፒውተር ሲከፈት የምናየው ፕሮግራም ብቻ አይደለም የሚነሳው። ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ ብዙ አሉ፤ ሰርቪስ ነው የምንላቸው። አንዱ ለህትመት፣ አንዱ ለፋክስ፣ አንዱ ለድምፅ... ግማሾቹ ቤት ላለ ኮምፒውተር አያስፈልጉም። ፕሪንተር ለሌለው ሰው የህትመቱ ምን ያደርግለታል? ግን ሳይጠሩ ይነሳሉ፤ ማሽኑን ያደክሙታል።»

«ታዲያ የቱ እንዳደከመው በምን ይታወቃል?»

«አንድ አንዱን በማጥፋት። አንዱን አጥፍተው ትንሽ ይጠብቃሉ። የሚያጓራው የማቀዝቀዣ ፋን ጸጥ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ካላለ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ብዙውን በአንዴ ካጠፉ ግን ጥፋተኛው አይለይም። እንደዚህ ብዬ ነው ያሳየኋቸው። እሳቸው ግን ‹ይህን ሁሉ የምታውቅ ያስገባኸውም አንተ ነህ› አሉኝ።»

«አሁን ፋኑ ጸጥ ብሏል።»

ሄኖክ አዳመጠ። እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላለውም ነበር። ማውዙን ይዞ ስሞቹን አንድ በአንድ አለፋቸው፤ ህትመት፣ ድምፅ፣ ፋክስ... ሁሉም ቆመዋል። መጨረሻ ከቆመው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይኼ የዊንዶውስ አይደለም። ስሙን አመሳስለው ነው የሰጡት።» ከስሙ ጀርባ ያለውን ፋይል ፈልጎ ከፈተና ሲያነብ ቆየ። «ሌባ ነው፣ ኢንስፔክተር። ቀን ከሌት ዲስኩን እየዞረ አዲስ የተጻፈ ነገር ይፈልጋል፤ ያጓራ የነበረው ለዚህ ነው። የሚያውቀው ፍላሽ ሲሰካ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ ፍላሹ ይገለብጣል።»

«በኢንተርኔት አይልክም?»

«እዚህ ቤት ኢንተርኔት የለም። ያስገባውም የሚወስደውም እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ወይ ከወንበሩ አጠገብ የሚቆም ሰው ነው።» ከኪሱ የቁልፍ መያዣውን አወጣ፤ ትንሽ ፍላሽ ተንጠልጥሎበታል። «እኔም አለኝ። ይውሰዱት። ሁሉም እኔን ነው የሚለው፤ አጎቴም እኔን እንዳሉ ነው የሞቱት።»

ሳፊያ ፍላሹን ተቀብላ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ሬዲዮ የለም፤ ቴፕ የለም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አሉ። መሳቢያውን፣ የመጻሕፍቱን ጀርባ፣ የተሰቀለውን ልብስ ኪስ ሁሉ ፈተሸች። ሌላ ፍላሽ አልነበረም።

«እስቲ መዝሙር ክፈትልኝ።»

ሄኖክ ከፈተ። መዝሙሩ ስክሪኑ ላይ ይሄዳል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ዝም ነው። ሳፊያ የስፒከሩን ገመድ ነቅላ ስልኳ ላይ ሰካችው። ወዲያው ከስልኳ የተከፈተ የዜና ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አጠፋችው።

«ኮምፒውተሩ የትኛውን ሰርቪስ መቼ እንዳጠፉት ያስቀምጣል?»

«ያስቀምጣል።» አሳያት። ሳፊያ ጎንበስ ብላ አንብባ ቀና አለችና «ይህን ለማንም እንዳትናገር፤ ለአክስትህም ቢሆን» አለችው።

አቶ ዳዊት የተባለውን መምህር ያገኘችው ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ነው። ጎልማሳ ነው፤ ከመምህር ሥራዬ ጋር ለአንድ የግል የጤና ኮሌጅ የመግቢያ ፈተና ያዘጋጁ ነበር።

«ጥያቄውን የሚያወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤» አላት። «እኔ የማየው ሲያልቅ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቅር ብሎኝ ነበር። እንደ ተማሪ ነበር የሚያዩኝ።»

«ትናንት ተገናኝታችሁ ነበር?»

«ደውለውልኝ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ‹ዳዊት፣ ጥያቄዎቹን ሰው እያነበበብኝ ነው። ነገ ና፤ ሁሉንም ጥለን እንደ አዲስ እናወጣለን› አሉኝ። ማን ነው ስላቸው ‹ሄኖክን ጠርጥሬ ተናገርኩት፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም› አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።»

«ሲመሽ የት ነበሩ?»

«ማታ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ክፍል ሙሉ ሰው ምስክሬ ነው። ዝናቡ ጋብ እስኪል እዚያው ታግተን ነበር።»

አምሳ አለቃ ታደሰ የሚኖሩት ሐኪም ጋራ ነው። ሐረር ተመድበው የመጡት ወታደር ሆነው፣ ገና በወጣትነታቸው ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን መለዮአቸውን አውልቀው ሸዋ በር ላይ ሸክም ሲሸከሙ ያገኟቸው መምህር ሥራዬ ናቸው። ቤታቸው አስገቧቸው፤ ጥበቃ ሥራ አፈላለጉላቸው፤ ሲያገቡ ሽማግሌ ሆነው ሄዱ፤ ሚስታቸው ስትሞት አብረው ቀበሩ። አሁን አምሳ አለቃው ያላቸው አንድ ልጃቸው ሣራ ብቻ ናት።

ሳፊያ ስትገባ ሣራ ከደብተሮቿ መሃል ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ነርስ ልትሆኚ ነው የምታጠኚው?»

«የጤና ኮሌጁን መግቢያ ሁለቴ ወደቅሁ፤» አለች ሣራ አንገቷን ደፍታ። «ዘንድሮ ግን ጋሽ ሥራዬ ብዙ ረዱኝ። እሳቸው ባይኖሩ—»

«ሣራ፣» አሉ አባቷ ከወዲያ፣ «ለእንግዳ ሻይ አይቀርብም?»

ልጅቷ ተነስታ ወጣች። አምሳ አለቃው ተቀመጡ። ሰፊ ሰው ናቸው፤ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሻሉ።

«ስንት ዘመን አብረን ኖርን፣ ኢንስፔክተር። ክንዴን የተቆረጥኩ ያህል ነው።»

«መጨረሻ ያዩዋቸው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ። ስወጣ በሰላም ተቀምጦ መዝሙር እያዳመጠ ነበር። አዲስ መዝሙር ባገኘሁ ቁጥር በፍላሽ ይዤለት እሄዳለሁ። ሰካው፣ ከፈተው፣ ትንሽ አብረን ሰማን። ከዚያ የእድር ስብሰባ ስለነበረብኝ ተነሳሁ።»

«የሰማችሁት ከኮምፒውተሩ ነው?»

«ከኮምፒውተሩ። እነዚያ ትንንሽ ስፒከሮች ድምፃቸው ግሩም ነው።»

«ፍላሹስ?»

«እዚያው ተውኩለት።»

«ክፍሉ ውስጥ የለም።»

አምሳ አለቃው መዳፋቸውን ማሸት አቆሙ። «እንግዲህ እኔ ከወጣሁ በኋላ የገባ ሰው ወስዶታል። ያንን ልጅ ጠይቁት።»

«የትኛውን?»

«ሄኖክን ነዋ። በሰው ላይ መናገር አልወድም። ግን የተጣላው እሱ ነው።»

ሻዩ መጣ። ሳፊያ ጨርሳ ጠጣችና አመስግና ወጣች። እድር ቤት ሄዳ ጠየቀች፤ አምሳ አለቃው እውነትም ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ መጨረሻ ከወጡት ጋር ነው የወጡት። መምህሩ የሞቱት ታደሰ ከሄዱ በኋላ ከሆነ፣ አምሳ አለቃው ንጹሕ ናቸው። ያደረበትን የሚመሰክርለት ያጣው ሄኖክ ብቻ ነበር። ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ብቻውን ነው ያደረው።

መምህር ሥራዬ ተቀበሩ። ቀብሩ ላይ ሄኖክ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ሊቆም ሲል ሁለት ዘመዶች ወደ ኋላ ገፈተሩት። አምሳ አለቃ ታደሰ ከፊት ተሸክመው ነበር።

በሣልስቱ ዕለት፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰዉ ቀምሶ ሲበተን፣ ሳፊያ መጣች። ወይዘሮ እልፍነሽን፣ ሄኖክን፣ አቶ ዳዊትን፣ አምሳ አለቃ ታደሰንና ሣራን ወደ ፎቁ ክፍል እንዲወጡላት ለመነች። ከድር በሩ ላይ ቆመ። መቀመጫ ስላልበቃ ሄኖክና ሣራ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

«ብዙ አላቆያችሁም፤» አለች ሳፊያ። «መምህር ሥራዬ አዳልጧቸው አልወደቁም። ፊታቸውን ወደዚህ በር መልሰው፣ እዚህ ከቆመ ሰው ጋር እየተነጋገሩ ነበር። ያ ሰው ክንዳቸውን ይዟል፤ እጅጌያቸው የተተረተረው ለዚህ ነው። ጥያቄው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው።»

«ይታወቃል፤» አሉ አምሳ አለቃ ታደሰ ቀስ ብለው።

«እኔም መጀመሪያ የሚታወቅ መስሎኝ ነበር። ሄኖክ ኮምፒውተር ያውቃል፤ ተጣልቷል፤ ምስክር የለውም። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሌባ ፕሮግራም ያስገባ ሰው ፕሮግራሙ የሚያዝበትን መንገድ ራሱ ያስተምራል? አንድ አንዱን እያጠፉ ይፈልጉት ያላቸው እሱ ነው። ሌባ ለባለቤቱ ፋኖስ አያበራም።»

ሄኖክ ቀና አለ። ከመርዶው ወዲህ ቀና ሲል የመጀመሪያው ነበር።

«አቶ ዳዊት ደግሞ ጥያቄዎቹን የማየት መብት ነበረው፤ ሲያልቁ መጠበቅ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ያን ጊዜ ማታ ተማሪዎቹ ጋር ነበር፤ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ አሠራሩን ከራሳቸው ከመምህር ሥራዬ ተዋስኩ። የሰማሁትን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ እያጠፋሁ አየሁ። የትኛው ሲጠፋ ነገሩ ጸጥ ይላል አልኩ።»

ከዚያን ዕለት ወዲህ ሳይጠፋ ወደ ቆየው ኮምፒውተር ሄዳ ስክሪኑን አበራች። ያለፈውን መዝሙር ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ይሄዳል፤ ድምፅ የለም። ሁሉም ጠበቁ።

«ተበላሽቶ ነው?» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

«አልተበላሸም፣ እትዬ። ወንድምዎ ናቸው ያጠፉት። ጥፋተኛውን ሲፈልጉ መጀመሪያ የህትመቱን ሰርቪስ አጠፉ፤ ፋኑ አላረፈም። ቀጥለው የድምፁን አጠፉ፤ አላረፈም። መልሰው ሳያበሩት ወደሚቀጥለው ሄዱ። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ይዞታል፤ የድምፁ የጠፋው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ እንግዳ ሳይመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ አልበራም። ሬዲዮ እዚህ የለም። ስልካቸው ታች ነበር።» ዞረች። «አምሳ አለቃ፣ የትኛውን መዝሙር ነው አብራችሁ የሰማችሁት?»

አምሳ አለቃው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹ።

«ምናልባት... ቀኑን ተሳስቼ—»

«ቀኑን አልተሳሳቱም። ዝናቡ ላይ ሲወጡ ለእትዬ እልፍነሽ ‹መዝሙር እያዳመጠ ነው› ብለዋል። እርስዎ ሲወጡ መምህር ሥራዬ በሕይወት ወንበራቸው ላይ ነበሩ ለሚለው ያለን ማስረጃ ያ መዝሙር ብቻ ነው። መዝሙሩ ከሌለ እርስዎ ሲወጡ እሳቸው ጓሮ ውስጥ ነበሩ።»

ሳፊያ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመች።

«ሌላም አለ። ሌባው ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ቆሞ ፋኑ ካረፈ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ፍላሽ መሰካቱን መዝግቧል። ፍላሹ ሲሰካ የጠፋው ፕሮግራም በራሱ ነቃ። ሄኖክ እንዳሳየኝ የሚነቃው ለሚያውቀው ፍላሽ ብቻ ነው። መምህር ሥራዬ ፋኑ እንደገና ሲያጓራ ሰሙ። ፍላሹን አዩ። ያመጣላቸውንም ሰው አዩ። ከዚያ እንደገና አጠፉት፤ ያ የመጨረሻ ሥራቸው ነው። ፍላሹን ‹እዚያው ተውኩት› አሉኝ፤ ግን የለም። የሄኖክን ፍላሽ ወስጄ ሞክሬዋለሁ፤ ፕሮግራሙ አላወቀውም።»

«እኔ ኮምፒውተር ማብራት እንኳ አላውቅም!» አሉ አምሳ አለቃው። «እግዜር ያውቃል፣ አላውቅም!»

«አምናለሁ። ማወቅም አያስፈልግም፤ መሰካት ብቻ ነው።» ሳፊያ ወደ ሣራ ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሣራ፣ ጋሽ ሥራዬ ብዙ ረዱኝ ብለሽ ነበር። በምን ነበር የረዱሽ?»

ልጅቷ አባቷን አየች፤ መልሳ ሳፊያን አየች። «የመለማመጃ ጥያቄ እየሰጡ... ለአባዬ እየሰጡት ያመጣልኝ ነበር።»

«እሳቸው ራሳቸው ስለ ጥያቄዎቹ አንስተውልሽ ያውቃሉ?»

«አባዬ አታንሺባቸው ብሎኛል። ሰው ይሰማና ይታማሉ...» እጇ ቀስ ብሎ ወደ አፏ ሄደ። «አባዬ? እሳቸው ናቸው የሰጡህ ብለኸኝ ነበር።»

የአምሳ አለቃ ታደሰ ሰፊ ትከሻ ወደ ውስጥ የገባ መሰለ።

«ሁለቴ ወደቀች፤» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ሁለተኛው ጊዜ እህል አልቀምስ ብላ ተኛች። እንደ እናቷ ልትሞትብኝ ነው አልኩ። ሥራዬን ለመንኩት፤ ፍንጭ ብቻ ስጣት አልኩት። ‹ታደሰ፣ ይህን አትጠይቀኝ› አለ። ድሬዳዋ ያገኘሁት ሰው ፍላሹን ሰጠኝ፤ ‹ስካው፣ ቆይተህ ንቀለው፤ ሌላው የእሱ ሥራ ነው› አለኝ። የተገለበጠውን እሱ እያተመ ይሰጠኝ ነበር። ለሰበቡ መዝሙር አስጫንኩበት። የሚጎዳ ነገር አልመሰለኝም። ወረቀት አልጎደለበት፣ ምን አልጎደለበት።»

«የዚያን ዕለትስ?»

«እንደ ልማዴ ሰካሁት። ማሽኑ ጮኸ። ሥራዬ ዝም ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ልጁን በከንቱ አስለቀስኩት› ብቻ አለ። ተነስቶ የጓሮውን በር ከፍቶ ‹ሄኖክ! ሄኖክ!› እያለ ወጣ፤ ልጁ ክፍሉ ያለ መስሎት። ተከትዬ ክንዱን ያዝኩት። ‹ስማኝ ሥራዬ፣ ሣራን አስባት› አልኩት። ወደ እኔ ዞሮ ክንዱን መነጨቀ። ደረጃው እርጥብ ነው። ወደቀ። አልገፋሁትም፤ በልጄ ስም፣ አልገፋሁትም።»

«አምንዎታለሁ፤» አለች ሳፊያ። «ነገር ግን ሐኪሙ ያለኝን ልነግርዎት ግድ ነው። ወዲያው አልሞቱም። ደርሰውላቸው ቢሆን ኖሮ ሊተርፉ ይችሉ ነበር።»

ሄኖክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወይዘሮ እልፍነሽ እስካሁን አልተነቃነቁም ነበር። አሁን ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። አምሳ አለቃውን በሕይወታቸው አንድም ቀን አንተ ብለዋቸው አያውቁም።

«ተናገረ ወይ?» አሉ።

አምሳ አለቃው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ታደሰ፣ አንተን ነው። ከወደቀ በኋላ ተናገረ ወይ?»

«ተጣራ፤» አሉ በማይሰማ ድምፅ።

«ማንን?»

«አንቺን። ‹እልፌ› አለ።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቃሉን ቀስ እያሉ የሚውጡት ይመስል ነበር። «እኔ ታች ራት ይዤለት ቆሜያለሁ። ልውሰድለት ስል አንተ መዝሙር እያዳመጠ ነው አልከኝ።»

አምሳ አለቃ ታደሰ ሳይጠየቁ ተነሱ፤ ፍላሹን ሐኪም ጋራ ቤታቸው ጓሮ እንደቀበሩት ለከድር ነገሩት። በሣራ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ። እሷ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። አምሳ አለቃው ከከድር ጋር ወረዱ።

አቶ ዳዊት ጥያቄዎቹን ሁሉ ጥሎ ሌላ ፈተና እንደሚያወጣ ለሳፊያ ነግሯት ወጣ። ሳፊያ በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ሄኖክን አየችው። አክስቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነበር፤ ወይዘሮ እልፍነሽ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ‹ይቅር በለን፣ ልጄ፤ አጎትህንም ይቅር በልልኝ› ይሉታል። ሳፊያ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

ሣራ ግድግዳውን እንደተደገፈች ቀረች። ቁጭ በይ ያላት የለም፤ ውጪም ያላት የለም። ብዙ ቆይታ «እኔ ልሂድ፤» አለች።

ወይዘሮ እልፍነሽ አዩዋት። ልጅቷን ክርስትና ስትነሳ አቅፈው ቤተ ክርስቲያን የወሰዷት እሳቸው ነበሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣም አለ፣ ሌላም ነገር አለ።

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

ሣራ ወደ በሩ ተራመደች።

«ማንም ወደሌለበት ቤት!» አሉ አሮጊቷ ተቆጥተው። «ተቀመጪ።»

ሣራ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ከሩቅ ሰፈር የመጡ ሁለት ለቅሶ ደራሾች ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡ። የሆነውን አልሰሙም። ሴትዮዋንና ወጣቱን፣ በሩ ሥር አንገቷን ደፍታ የምታለቅሰውንም ልጅ አዩና፣ የአንድ ቤት ሰዎች ስለመሰሏቸው ሦስቱንም አንድ ላይ «እግዜር ያጽናችሁ» አሏቸው።

«አሜን፤» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ ለሁሉም።